ከሪችመንድ እስከ ብሮንክስ፦ በ95 ቁጥር መንገድ ላይ የተጻፈ የጉዞ ማስታወሻ

ማክሰኞ

ኢንተርስቴት 95 ከፍሎሪዳዋ ማያሚ ተነሥቶ የአትላንቲክን ጠረፍ እየተከተለ ሽቅብ ይወጣና በሜይን ግዛት ከካናዳ ድንበር ላይ ያበቃል። ርዝመቱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 15 ግዛቶችን ያቋርጣል። እኛ የምንሄደው ከሪችመንድ እስከ ኒውዮርክ ባለው ክፍል ላይ ብቻ ነው። በካርታ ሲያዩት አጭር ነው። ችግሩ ዋሽንግተን፣ ባልቲሞር፣ ፊላዴልፊያና ኒውዮርክ በዚሁ አጭር ክፍል ላይ ተደርድረው መገኘታቸው ነው።

የምጓዘው በአብሮ አደጌ ከባድ መኪና ነው። አዳማ አብረን ነው ያደግነው። እሱ በወጣትነቱ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲጎትት ኖሮ አሜሪካ ገባ፤ እዚህም ከመሪ አልተላቀቀም። መኪናውም፣ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢውም የራሱ ስለሆነ ጋቢና ውስጥ ማንን ይዞ እንደሚሄድ የሚጠይቀው አለቃ የለም። እኔ ለእረፍት የመጣሁ የአዲስ አበባ ሰው ነኝ፤ ይህን የሚያህል ሰፊ መንገድ ለምን እንደሚዘጋ ከሾፌር ጎን ተቀምጬ ማየት ፈልጌያለሁ። ነሐሴ እያለቀ ነው። የሚመጣው ሰኞ የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን በመሆኑ ዓርብ ላይ ምን እንደሚጠብቀን ከወዲሁ አስጠንቅቆኛል። ሰዓቱን የምጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ዓመቱን ግን ዓ.ም. ካላልኩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሎርተን ከሚገኘው የመኪና ማቆሚያው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ባዶውን ተነሣን። ወደ ደቡብ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄድን ቆምን። ሁለተኛ ማርሽ፣ መቆም፣ አንደኛ፣ መቆም። "ኦኮኳን ነው" አለ ጓደኛዬ፣ የጎረቤት ስም እንደሚጠራ ሰው። ኦኮኳን ወንዝ ነው። መንገዱ ወደ ወንዙ አራት ረድፍ ሆኖ ይመጣና እዚያው አካባቢ አንዱ ረድፍ ወደ 123 ቁጥር መንገድ መውጫ ሆኖ ይቀራል፤ የሚቀጥለው ሦስት ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በፈጣን መንገድ ላይ አንድ ረድፍ ደኅና ሲፈስ በሰዓት ወደ 2,000 መኪና ገደማ ያሳልፋል። አራቱ ረድፎች ሞልተው ከመጡ 8,000 ማለት ነው፤ ሦስቱ የሚያሳልፉት 6,000 ነው። የሚወጣው ወጥቶ የተረፈው ሕዝብ፣ ቅዳሴ አልቆ በአንዲት በር እንደሚወጣ ምእመን፣ ተራውን ይጠብቃል። የከፋው ደግሞ አንዴ ከተጨናነቀ በኋላ ጠባቡ ቦታ ቀድሞ ያሳልፍ የነበረውን እንኳን አለማሳለፉ ነው። ከቆመበት የሚነሣ መኪና ሁሉ ከፊቱ ካለው ጋር ያለውን ክፍተት ለመሙላት ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ከጥቂት ደቂቃ ጥድፊያ የተወለደ ሰልፍ ለሰዓታት አይፈርስም።

ከመሃል፣ በአጥር ተለይቶ፣ ሌላ መንገድ አለ። በዚያ ላይ መኪናዎች ያለ ሐሳብ ይበራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ የተከፈተው የክፍያ መንገድ ነው፤ በ2023 እስከ ፍሬድሪክስበርግ ድረስ ተራዝሟል። ጠዋት ወደ ሰሜን፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ አቅጣጫው በየቀኑ ይገለበጣል። ዋጋውም እንደ ገበያው ነው፤ የመኪናው ብዛት ሲጨምር ዋጋው ይጨምራል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። ሦስት ሰው የያዘ መኪና ተገቢው መሣሪያ ካለው በነፃ ያልፋል። የጓደኛዬ ባለቤት ከዉድብሪጅ ወደ ፔንታጎን የምትሄደው በዚህ ዘዴ ነው፦ ጠዋት መኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ ትሰለፋለች፣ የማታውቀው ሰው መጥቶ ሁለት ሰው ይጭናል፣ ማንም ለማንም አይከፍልም። ይህ ልማድ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያለ መንግሥት ትእዛዝ የኖረ ነው። መጨናነቅን ስለማቃለል ካየሁት ሁሉ ብልሃት ያለው ይህ ይመስለኛል።

ከባድ መኪና ግን በዚያ መንገድ አይገባም። ከአጥሩ ወዲህ ሆነን እናያቸዋለን።

ወንዙን ተሻግረን ዉድብሪጅን እንዳለፍን መንገዱ ለጥቂት ተከፈተ። አደጋ የለም፣ ፖሊስ የለም፣ የተበላሸ መኪና የለም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ግራ ይጋባል፤ ሰልፉ ካለቀ በኋላ መንስኤውን ይፈልጋል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። መንስኤው ጠባቡ ቦታ ነው፤ ሰልፉ የሚጠራቀመው ከእሱ በስተኋላ ስለሆነ፣ ቦታው ላይ የደረሰ ሰው ፍጥነት መጨመር የሚጀምረው እዚያው ነው፤ ስለዚህ ምንም አይታየውም።

ሪችመንድ የቀዘቀዘ ዶሮ ጫንን። ሲመሽ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተመልሰን ካርሜል ቸርች ከሚባለው መውጫ አጠገብ፣ ከባድ መኪናዎች በሚያድሩበት ነዳጅ ማደያ አደርን። እራት ባለቤቱ የቋጠረችው ቋንጣ ፍርፍር ነበር።

ረቡዕ

ሾፌሩ እንደፈለገ አይነሣም። ሕጉ በቀን ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አይፈቅድም፤ ሥራ ከጀመረ 14 ሰዓት ካለፈው ደግሞ የነዳው ሦስት ሰዓት ብቻ ቢሆን እንኳን መሪ መያዝ አይችልም። ከዚያ 10 ሰዓት ማረፍ አለበት። ይህን የሚመዘግብ መሣሪያ ከሞተሩ ጋር ተያይዟል፤ እንደ ድሮው በደብተር ማታለል የለም። ሰልፍ ውስጥ የቆመበት ሰዓትም ከ11ዱ ይቀነስበታል። የመዘጋጋት ጣጣ ለትንሽ መኪና ነጂ መሰላቸት ነው፤ ለእሱ ግን ከሕጋዊ የሥራ ቀኑ ላይ የሚቆረጥ ነው።

ስለዚህ ንጋት 12 ሰዓት ሲል ተነሣን፤ ከዚያ በፊት ቢነሣ ሕግ ይጥሳል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ በቀጥታ ከዋሽንግተን ሠራተኛ ጋር ይጋጠማል። ሁለቱም ስላልተመቹት እየተነጫነጨ ነው የነዳው።

ካደርንበት መውጫ ጀምሮ እስከ ዳምፍሪስ ያለው 75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በሾፌሮች ዘንድ የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 3 ቀን 2022 እዚህ በረዶ ጣለ። መጀመሪያ ዝናብ ስለነበር አስቀድሞ የሚረጨው የጨው ውኃ ታጥቦ ይሄዳል ተብሎ አልተረጨም፤ ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ ከባድ መኪናዎች እየተንሸራተቱ መንገዱን በአግድም ዘጉት። ከኋላ ያለው መዞር አልቻለም፤ በረዶ ጠራጊውም ሊደርስ አልቻለም፣ ምክንያቱም እሱም ሰልፉ ውስጥ ነው። መቶዎች አንድ ሙሉ ሌሊት፣ አንዳንዶቹም ከ24 ሰዓት በላይ መኪናቸው ውስጥ አደሩ። ከነሱ አንዱ የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬን ሲሆኑ ወደ ምክር ቤት ለመድረስ 27 ሰዓት ፈጅቶባቸዋል። ዳቦ የጫነ መኪናም እዚያው ተይዞ ስለነበር ጭነቱ ለተራቡት ታደለ። "አገር ቤት ቢሆን ቡናም ይፈላ ነበር" አለ ጓደኛዬ።

ከፍሬድሪክስበርግ በኋላ ፍሰቱ እየከበደ መጣ። እዚህ ነው ለማየት የመጣሁትን ያየሁት።

የጋቢናው ወንበር ከፍ ያለ ነው፤ ከፊት ያሉትን መኪናዎች ጣሪያ አሻግሮ ያሳያል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ገደማ እንሄዳለን፤ ሁሉም ተቀራርቧል ግን ይፈስሳል። ከፊታችን በግምት ግማሽ ኪሎ ሜትር ላይ አንዲት ነጭ መኪና ፍሬቻ ሳታሳይ ከመካከለኛው ረድፍ ወደ ግራ ገባች። ከኋላዋ የነበረው ፍሬን ነካ፤ ቀይ መብራቱ በራ። ከእሱ ኋላ ያለው ጠንከር አድርጎ ያዘ። ሦስተኛው ከዚያ የባሰ። ከዚያ ወዲህ ያለው ቆመ። ነጯ መኪና ግን አሁን ከዓይናችን ጠፍታለች፤ ምን እንዳደረገችም አታውቅም። ቀዩ መብራት ከመኪና ወደ መኪና እየተቀባበለ ወደ እኛ ሲመጣ ይታየኛል፤ መኪናዎቹ ወደ ፊት ይሄዳሉ፣ መቆሙ ወደ ኋላ ይጓዛል።

ጓደኛዬ ፍሬን አልነካም። ቀይ ገና በሩቅ ሲያይ ነዳጁን ለቀቀና ከፊቱ ያለውን ክፍተት እያሰፋ ተንከባለለ። ማዕበሉ እኛ ጋ ሲደርስ የፊተኛው መኪና ቆሞ እንደገና ተነሥቶ ነበር፤ እኛ ሳንቆም አለፍን። ከኋላችን ያለው ግን ጥሩምባውን ያንጫርራል፤ ከፊታችን ባዶ ቦታ ሲያይ ሾፌሩ የተኛ መስሎታል። ሁለት መኪናዎች በቀኝ በኩል ዞረው ክፍተቱ ውስጥ ገቡ፣ ወዲያውም ፍሬን ያዙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ሙከራ ይህንኑ በሜዳ ላይ አሳይቷል። 230 ሜትር ዙሪያ ባለው ክብ መንገድ ላይ 22 መኪናዎች አሰልፈው ሾፌሮቹን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እኩል ፍጥነት ጠብቀው እንዲዞሩ አዘዙ። መብራት የለም፣ ጠባብ ቦታ የለም፣ አደጋ የለም። ብዙ ሳይቆይ ግን የአንዱ ትንሽ መዘግየት እየተባዛ ጥቂት መኪናዎች ጨርሰው ቆሙ፤ የቆመው ቡድንም በክቡ ላይ ወደ ኋላ እየዞረ ቀጠለ። መንገዱ በመኪና ከተሞላ በኋላ መዘጋጋት ሌላ ምክንያት አይፈልግም ማለት ነው።

"ትልቅ መኪና ለምን ክፍተት ይተዋል ብለው ይሳደባሉ" አለኝ። ጭነቱና መኪናው አንድ ላይ እስከ 36 ቶን ይፈቀድለታል። በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ለመቆም 160 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ ትንሽ መኪና ከመቶ ሜትር ባነሰ ይቆማል። ክፍተቱ የደግነት ጉዳይ አይደለም። ሆኖም ያንኑ ክፍተት ትንንሾቹም ቢተዉት ኖሮ ማዕበሉ እዚያው ይሞት ነበር።

ስፕሪንግፊልድ ሦስት መንገዶች የሚገናኙበት ትልቅ ማሳለጫ ነው፦ 95፣ 395 እና የዋሽንግተን ቀለበት የሆነው 495። ቀለበቱ በ1964 ሲጠናቀቅ 95 ዋሽንግተንን አቋርጦ በመሃል እንዲያልፍ ታቅዶ ነበር። በመንገዱ ላይ ቤታቸው የሚፈርስባቸው ነዋሪዎች፣ አብዛኞቹ ጥቁሮች፣ ተነሥተው አስቆሙት፤ ገንዘቡ ወደ ምድር ባቡር ዞረ፣ በ1977 ደግሞ 95 የሚለው ቁጥር ወደ ቀለበቱ ምሥራቃዊ ግማሽ ተዛወረ። ነዋሪዎቹ ትክክል ነበሩ ብዬ አምናለሁ። ግን ውጤቱን ዛሬ ከጋቢና ሆኜ አየዋለሁ፦ ከፍሎሪዳ ብርቱካን ጭኖ ወደ ቦስተን የሚሄደው፣ ከአሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ ለሥራ ከሚሻገረው ነርስ ጋር በአንድ ረድፍ ይጋፋል። አንዱ ረጅም መንገደኛ ነው፣ አንዱ በሚቀጥለው መውጫ ይወርዳል፤ የሚወጣውና የሚገባው እየተቆራረጠ ሌላውን ያዘገያል።

የዉድሮው ዊልሰን ድልድይ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በ1961 ሲከፈት የታሰበው በቀን ለ75,000 መኪና ነበር። ቀለበቱ ወደ ስምንት ረድፍ ሲሰፋ ድልድዩ ስድስት ሆኖ ቀረ፤ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ወደ 200,000 የሚጠጋ መኪና በቀን ይሻገረው ነበር። አዲሱ ድልድይ በ2006 እና በ2008 በሁለት ክንፍ ተከፍቶ 12 ረድፍ አለው። ዛሬ ያለ ችግር አለፍነው። ጓደኛዬ የድሮውን ሲያስታውስ ፊቱ ይጨማደዳል።

ባልቲሞር ስንቃረብ ስልኩ አንቃጨለ። ሐበሻ ሾፌሮች በቡድን ስልክ ተያይዘው ነው የሚውሉት፤ አንዱ ፔንሲልቬንያ፣ አንዱ ኦሃዮ፣ ወሬው ግን እንደ አንድ ሻይ ቤት ነው። "ወንድሞች፣ የማክሄንሪ ዋሻ አሁን ይሄዳል፣ ግን ከዋሻው መውጫ ላይ ይዛል" አለ አንዱ። እውነቱን ነበር። ዋሻው ከወደቡ ሥር ቁልቁል ይገባና ሽቅብ ይወጣል። ሽቅቡ ለዓይን ቀስ ያለ በመሆኑ ሰው ነዳጅ መጨመር እንዳለበት ሳይታወቀው ፍጥነቱ ይወርዳል፤ የኋለኛው ይቀርበዋል፣ ፍሬን ይይዛል። ጃፓኖች ይህን በጥንቃቄ አጥንተውታል፤ በፈጣን መንገዶቻቸው ላይ ከሚደርሰው መጨናነቅ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቁልቁለት ወደ ዳገት በሚለወጥባቸውና በመሳሰሉት ቦታዎች የሚጀምር ነው። አንዳንዱ ቦታ ላይ "ፍጥነትዎን ይመልሱ" የሚል ምልክትና ወደ ፊት የሚሮጥ መብራት ያደርጋሉ።

እዚህ ላይ የባልቲሞር መከራ ይጨመርበታል። መጋቢት 26 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ዳሊ የተባለች የኮንቴይነር መርከብ የፍራንሲስ ስኮት ኪ ድልድይን መትታ ጣለችው፤ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። በቀን ከ30,000 በላይ መኪና ይሻገረው የነበረ ድልድይ ነው። ያ ሁሉ ወደ ሁለቱ ዋሻዎች ዞረ። ነዳጅና ጋዝ የጫነ መኪና ደግሞ ዋሻ መግባት ስለተከለከለ ከተማውን በምዕራብ በኩል ይዞራል። አንድ ድልድይ ሲወድቅ መዘዙ እዚያ አካባቢ ብቻ አይቀርም።

ዴላዌርን ፈጥነን አለፍን። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ በኒውጀርሲ የክፍያ መንገድ ላይ ጆይስ ኪልመር በሚባል ባለቅኔ ስም የተሰየመ ማረፊያ ገባን። እንዲህ በጊዜ መቆማችን ማቆሚያ ለማግኘት ነው፤ ማታ ቦታ የለም፣ ያጡት በመውጫ ዳር ይደረደራሉ። እሱ ሲተኛ እኔ የፌዴራሉ የአውራ ጎዳና አስተዳደር ያወጣውን የታወቀ ክፍፍል አነበብኩ። ከመዘግየቱ ሁሉ 40 በመቶው የጠባብ ቦታዎች፣ 25 በመቶው የአደጋና የብልሽት፣ 15 በመቶው የአየር ጠባይ፣ 10 በመቶው የመንገድ ሥራ ነው ይላል፤ የተረፈው በትራፊክ መብራትና በልዩ ዝግጅቶች የሚመጣ ነው። ሲነቃ ነገርኩት። "የነጂውስ?" አለኝ። የነጂው የሚል መደብ የለም። በሁሉም ውስጥ ተደብቋል።

ሐሙስ

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ተነሣን። ይህ መንገድ ለሁለት ተከፍሎ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሁለት ጎዳና አለው፤ የውስጠኛው ለትንንሽ መኪና ብቻ ነው፣ ውጪኛው ከባዶቹን ይጨምራል። ከባድና ቀላል ሲለያዩ ፍጥነታቸው የማይመጣጠን መኪናዎች አንዱ ሌላውን ለማለፍ የሚያደርጉት መቆራረጥ ይቀንሳል። ከአዲስ አበባ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ በመካከለኛው ረድፍ በ60 የሚንፏቀቁትን ጭነት መኪናዎች ያየ ሰው ይህን አይቶ ይቀናል።

ሌሊት ስለሆነ ጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ላይ በቀላሉ ደረስን። በ1931 የተከፈተ፣ በ1962 የታችኛው ፎቅ የተጨመረበት፣ በጠቅላላው 14 ረድፍ ያለው፣ በዓመት ወደ 100 ሚሊዮን መኪና የሚሻገረው ነው። ከባድ መኪና በላይኛው ፎቅ ብቻ ይፈቀድለታል። ባለ አምስት አክሰል (የጎማ ዘንግ) መኪና ወደ ኒውዮርክ ለመግባት ከ100 ዶላር በላይ ይከፍላል። የጭነት ማመላለሻ ጥናት ተቋም በየዓመቱ በሚያወጣው ዝርዝር ላይ፣ ከድልድዩ ወዲህ ያለችው ፎርት ሊ ለተከታታይ ዓመታት በአገሪቱ ለከባድ መኪና እጅግ የከፋች ማነቆ ሆና ቆይታለች።

ፎርት ሊ ሌላም ታሪክ አላት። በመስከረም 2013 እ.ኤ.አ. ከከተማዋ ወደ ድልድዩ ከሚያስገቡት ሦስት ረድፎች ሁለቱ "ለጥናት" ተብለው ለቀናት ተዘጉ፤ ከተማዋ ታፈነች፣ አምቡላንስ ዘገየ። በኋላ ሲጣራ የኒውጀርሲው ገዥ የክሪስ ክሪስቲ ረዳቶችና በድልድዩ አስተዳደር ውስጥ የነበሩ አጋሮቻቸው በከንቲባው ላይ ቂም ይዘው ያደረጉት ሆኖ ተገኘ። ተፈርዶባቸው ነበር፤ በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በተከሰሱበት የማጭበርበር ሕግ አያስቀጣም ብሎ ፍርዱን ሻረው። ጥቂት የፕላስቲክ ምልክቶች ያን ያህል እንደሚያደርጉ ማወቅ ለክፉ ሰውም ትምህርት ነው።

ሃንትስ ፖይንት የኒውዮርክ ጓዳ ነው፤ አትክልቱ፣ ሥጋው፣ ከ2005 ጀምሮም ዓሣው በዚያ ይከፋፈላል። ገበያው የሚሟሟቀው ሌሊት ነው። ዶሮአችንን ለማውረድ ወረፋ ይዘን እስከ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ተቀመጥን፤ እኔ አብዛኛውን ተኝቻለሁ።

ከዚያ ክሮስ ብሮንክስ። ስለዚህ መንገድ የሚባለው ሁሉ እውነት ነው። የኒውዮርክን ጎዳናዎች ያስገነባው ባለሥልጣን ሮበርት ሞዝስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሕዝብ የታጨቀ ሰፈር ሰንጥቆ ያወጣው ነው፤ ኢስት ትሬሞንት በሚባለው አንድ ማይል ላይ ብቻ ወደ 1,500 ቤተሰብ ተፈናቅሏል። ስፋቱ በያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት ረድፍ ነው፤ በቂ ትከሻ የለውም፣ መግቢያና መውጫዎቹ ተጠጋግተዋል። አንዲት አሮጌ ቫን ጎማዋ ፈንድቶ በቀኝ ረድፍ ቆማለች። ባለቤቱ ክሪኩን ይዞ ግድግዳውን ተጠግቷል፤ ገለል የሚልበት ትከሻ የለም። አንድ ረድፍ ተዘጋ ማለት ሲሶው መንገድ ሄደ ማለት ነው፤ ግን የሚቀንሰው ከሲሶ በላይ ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ረድፎችም ለሚገባው ቦታ ሲሰጡና ሲያዩ ይዘገያሉ። ፖሊስ ከመድረሱ በፊት ጎታች መኪናው ራሱ ሰልፍ ውስጥ ተያዘ። ከግራና ከቀኝ የግድግዳው አናት ላይ የመኖሪያ ቤት መስኮቶች አሉ፤ አንዲት ሴትዮ ልብስ ታሰጣለች። በዚያ ጭስ ላይ።

ሰው ጠዋት ጠዋት ይህን እያየ የሚሄድ ከሆነ ልማድ የማያደርገው ነገር የለም ማለት ነው። አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። የሚፈቀድለት ሰዓት ሳያልቅ ኒውአርክ አጠገብ ገብተን አደርን።

ዓርብ

ባዶ ላለመመለስ ከኤሊዛቤት ወደብ አጠገብ የታሸገ ወረቀት ጭነን 4 ሰዓት ላይ ወጣን። የግዛቶቹ የመንገድ መሥሪያ ቤቶች ለበዓሉ ሲሉ አብዛኛውን የጥገና ሥራ አቁመዋል። መንገዱ ሙሉ በሙሉ ክፍት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ሆኖም ከሰዓት በኋላ አልተንቀሳቀስንም ማለት ይቻላል። መኪናው ሁሉ ብስክሌትና የባሕር ዳር ጃንጥላ ጭኗል።

የዴላዌር መታሰቢያ ድልድይ ክፍያ የሚቀበለው ወደ ደቡብ ከሚሻገረው ብቻ ነው፤ ወደ ሰሜን ስንሄድ የማናውቀውን ወረፋ አሁን አገኘነው። ጓደኛዬ ቱሉ ዲምቱን አነሣ። አገር ቤት ሲመጣ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዳማ መንገድ አይቶ ኮርቷል፤ ግን የእሑድ ማታውን ሰልፍም አይቷል። በስድስት ረድፍ በ120 የመጣ ሁሉ ክፍያው ላይ ይጠራቀምና ከዚያ ወደ አቃቂ ቃሊቲ ጎዳና ይፈስሳል፤ ፈጣኑ መንገድ ወረፋውን ቶሎ አደረሰው እንጂ አላጠፋውም።

ከዚያ ሜሪላንድ ድንበር አጠገብ ያየሁት ነው እስካሁን የሚያናድደኝ። ቆመን ቀረን። ቡድን ስልኩ ላይ አንዱ "ግጭት ነው" አለ። ስንደርስ ግጭቱ በእኛ በኩል አይደለም፤ ከአጥሩ ማዶ፣ ወደ ሰሜን በሚሄደው ላይ ነው፤ ሁለት መኪናዎች ትከሻ ላይ ወጥተዋል፣ ሰዎቹም ቆመው ስልክ ያወራሉ። የሞተ የለም። በእኛ በኩል መንገዱ ላይ ጠጠር እንኳን አልወደቀም። ሆኖም እያንዳንዱ ነጂ እዚያ ሲደርስ አንገቱን ያዞራል፤ ለማየት ሁለት ሰከንድ ይዘገያል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ሁለት ሰከንድ ሲደመር ኪሎ ሜትሮች ይሆናል። ከጎናችን ያለው ልጅ ደግሞ መስኮት ዝቅ አድርጎ ፎቶ አነሣ። ጓደኛዬ ዓይኑን ከፊቱ ሳያነሣ አለፈ። እኔ ግን አየሁ፤ ማስታወሻ ለመጻፍ ነው ብዬ።

ከዚያ ላይ ሙግት ተነሣ። እሱ ረድፍ ይጨመር ባይ ነው። እኔ የሂዩስተኑን ኬቲ መንገድ ጠቀስኩ፤ በ2008 እስከ 26 ረድፍ ድረስ ሰፍቶ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጥድፊያ ሰዓት ያለው መዘግየት ተመልሶ ባሰበት። መንገዱ ሲሰፋ ቀድሞ በሌላ ሰዓት ይሄድ የነበረው፣ በባቡር የነበረው፣ ጭራሽ ቤቱ ይቀር የነበረው ሁሉ ይመጣል፤ ቤትም ርቆ ይሠራል። "እሺ፣ ታዲያ ይከፈል ነው የምትለው?" አለ። ኒውዮርክ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ60ኛው ጎዳና በታች ወደ ማንሃተን የሚገባን መኪና በጥድፊያ ሰዓት ዘጠኝ ዶላር ታስከፍላለች፤ ከባድ መኪና ከዚያ በላይ ይከፍላል። ይህን ስል ዝም አለና "ከፋዩ እኔ ነኛ" አለ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዕቃ ጫኝ ሰዓቱን አይመርጥም፤ ሰዓቱን የሚመርጥለት ተቀባዩ ነው።

ዋሻውን፣ ባልቲሞርን፣ ቀለበቱን እያልን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሎርተን ገባን፤ ኦኮኳን በዚያ ሰዓት እንኳን ቀይ ነበር። ቤት ስንደርስ ባለቤቱ ከሥራ ወጥታ በመሃለኛው መንገድ ከቀኑ 11 ሰዓት በፊት ገብታ ሽሮ አፍልታለች። እሱ አንድ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ሒሳብ ጀመረ። የሚከፈለው በማይል ነው፤ ተሳቢው ቆሞ የዋለበት ሰዓት ምንም አያስከፍልም። የማይሉን አባዛ፣ ነዳጁን ቀነሰ፣ የድልድዩንና የመንገዱን ክፍያ ቀነሰ፣ ከዚያ የተረፈውን ለነዳበት ሰዓት ሁሉ አካፈለ። ቁጥሩን ለእኔ አላሳየኝም፤ ለባለቤቱ ግን ወረቀቱን አዞረላት። "እኔ ነርስ ሁን ብዬህ ነበር" አለችው።